ሰው ወዳድ ድመት እንዴት ትመረጣለች?

ጥያቄ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ከሰባ ዓመት በላይ ከሆናቸው እናቴና ከሰባት ዓመት ሴት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ሥር የተወለደች፣ ሦስት ወር ገደማ የሆናት አመድማ ግልገል ድመት አምጥተን ነበር። ሲያዩዋት የምታሳሳ ነበረች። ነገር ግን አብራን በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ጭናችን ላይ አልተኛችም፤ ቀኑን አልጋ ሥር ተደብቃ ትውላለች፣ ሌሊት ወጥታ ትበላለች፣ ልጄ ልትይዛት ስትሞክርም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ቧጭራታለች። በመጨረሻ በመስኮት ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ልጄ አሁን እንደገና ድመት እየለመነችኝ ነው፤ እናቴም ‹ጭኔ ላይ የምትተኛ ከሆነች ይሁን› ብለዋል። ወንድሜ ዘሯ የታወቀ ካልሆነ ሰው አትወድም ይላል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ብርቱካንማ ወንድ ድመት ፈልጊ ትለኛለች። ዝርያዋን፣ ፆታዋንና ዕድሜዋን እንዴት ልምረጥ? የመጀመሪያዋስ የጠላችን በእኛ ጥፋት ነው? ልጄ ለአዲሷ ድመት ከወዲሁ ስም ስላወጣችላት፣ ስም ያላት ትልቅ ድመት ብናመጣ ስሟን መለወጥ ይቻል እንደሆነም ቢነግሩኝ።»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፦ ጥያቄዎችዎ ብዙ ቢሆኑም «የመጀመሪያዋስ የጠላችን በእኛ ጥፋት ነው?» ያሉትን አስቀድሜ ልመልስ፤ ምክንያቱም የእሷ ነገር በትክክል ከገባን፣ የአሁኑ ምርጫ በምን ላይ መመሥረት እንዳለበት ከዚያው እናገኘዋለን።

አመድማዋ ድመት ፈራቻችሁ እንጂ አልጠላቻችሁም። የድመት ግልገል ሰውን ከወገኖቿ እንደ አንዱ አድርጋ መቁጠር የምትማርበት ጊዜ እጅግ አጭር ሲሆን፣ ከተወለደች ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አይሊን ካርሽ የተባሉ ተመራማሪ ግልገሎችን በቡድን ከፍለው፣ አንዳንዶቹን ከሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሎቹን ግን ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ በየዕለቱ በእጅ እንዲያዙ አድርገው ነበር። ቀድመው የተያዙት ወደ ሰው ለመቅረብ የፈጠኑ፣ በሰው ጭን ላይም ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩ ሆኑ፤ በቀን አርባ ደቂቃ የተያዙትም አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ከተያዙት ይበልጥ ሰው ወዳድ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ የተደረገ ሌላ ምርመራ ደግሞ የያዟቸው ሰዎች ብዛትም ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል፤ በአንድ ሰው ብቻ የተያዘች ግልገል ያንን ሰው አጥብቃ ስትወድ፣ አምስት ሰዎች እየተፈራረቁ የያዟት ግን እንግዳ ሰው ሲመጣ ብዙም የማትፈራ ሆናለች።

የእርስዎ ድመት ወደ ቤትዎ የመጣችው በሦስት ወሯ፣ ማለትም ያ ጊዜ ካለፈ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በመጋዘኑ ጣሪያ ሥር የምታውቀው እናቷንና ወንድሞቿን ብቻ ነበር፤ ሰው ለእሷ ከታች ሲመላለስ ድምፁ የሚሰማ፣ ሲቀርብ የሚሸሹት ትልቅ ፍጡር ነበር። እንዲህ ያለች ድመት በብዙ ወራት ትዕግሥት አንድ ዝምተኛ ሰው ልታምን ትችል ይሆናል፤ የአራት ዓመት ሕፃን በምትሮጥበትና በምትጮህበት ቤት ግን ዕድሉ አልነበራትም። ልጅዎን የቧጨረቻትም በክፋት አይደለም፤ መሸሸጊያዋ ድረስ ተከትሎ የመጣን እጅ የምትመልስበት ሌላ መሣሪያ ስላልነበራት ነው። ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ፤ ነገር ግን የአሁኗን ድመት ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ «መልኳ ምን ይመስላል?» ሳይሆን «የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የት ነበረች? ማንስ ያዛት?» የሚለው ይሁን።

ከአስተዳደጉ ቀጥሎ የሚመጣው ውርስ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አባትየውን ነው። ወንዱ ድመት ግልገሎቹን አያሳድግም፤ አብዛኛውን ጊዜም አያያቸውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተደረጉ በርከት ያሉ ምርመራዎች፣ አባታቸው ደፋርና ሰው የማይፈራ የሆነ ግልገሎች እሱን አንድም ቀን ሳያዩ እንደ እሱ ደፋሮች ሆነው እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ማለትም ደፋር አባት ያላት ግልገል በነዚያ ሳምንታት በሰው እጅ ስታድግ፣ እናትዎ የሚመኟት ዓይነት ድመት ትወጣለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የተተረተው ለሰው ቢሆንም፣ አመል ሥር ያለው ነገር መሆኑን በመናገሩ ስለ ድመቷም እውነት አለው፤ የጎደለው ነገር ቢኖር ያ ሥር የሚተከለው በማኅፀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታትም ጭምር መሆኑ ነው።

«ድመት የምትወደው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ በዚህ ነጥብ አይሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የኦሪጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግልገል ድመቶችን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ወደማያውቁት ክፍል አስገብተው፣ አሳዳጊው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንዲወጣ፣ ድመቷም ሁለት ደቂቃ ብቻዋን እንድትቆይ፣ ከዚያም አሳዳጊው እንዲመለስ አደረጉ። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸው ትስስር የሚለካው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከግልገሎቹ 64 በመቶ ያህሉ አሳዳጊያቸው ሲመለስ ተረጋግተው፣ አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ ክፍሉ እያሉ በእርጋታ መዘዋወር ጀመሩ፤ ይህም የሚተማመኑበት ሰው እንዳላቸው ያሳያል። የቀሩት ወይ ተጣብቀውበት አልላቀቅ ብለዋል፣ ወይ ሸሽተውታል፣ ወይ የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። እንግዲህ የእርስዎ ፍለጋ ከተረጋጉት ከብዙዎቹ መካከል የሆነችውን ማግኘት ነው፤ ብርቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ሐሳብ ልምጣ። ዝርያ ምንም ለውጥ አያመጣም ብል እዋሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ከ5,700 በላይ ድመቶችን የሚመለከት ጥናት በዝርያዎች መካከል ግልጽ የባሕርይ ልዩነት እንዳለና ከልዩነቱም ግማሽ ገደማው በውርስ የሚተላለፍ እንደሆነ ገልጿል፤ መልሱን የሰጡት ድመቶቹ ሳይሆኑ ባለቤቶቻቸው መሆናቸውን ግን ልብ ይበሉ። በዚያ ጥናት ሰው የመቅረብ ፍላጎታቸው ዝቅ ብሎ ከተገኘው መካከል በፎቶግራፍ ላይ እንደ አሻንጉሊት የሚያምረው ብሪቲሽ ሾርትሄር ይገኝበታል፤ ኮራትና ዴቨን ሬክስ የተባሉት ደግሞ በተቃራኒው ሰው ፈላጊዎች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ መዳቀል የጀመረው ራግዶል ሲያነሡት ሰውነቱን ልል አድርጎ በመልቀቁ ይታወቃል። ሲያሚዝና በርሚዝ ከሰው ጋር እጅግ የሚጣበቁ ናቸው፤ ሲያሚዟ ግን ቀኑን ሙሉ ስለምታወራ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ካሉ ቶሎ ትሰለቻቸዋለች። ሜይን ኩን ትልቅና ገር ድመት ሲሆን፣ ከጭን ይልቅ እግር ሥር መተኛት ያዘወትራል። በስማችን ስለሚጠራው ስለ አቢሲኒያን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ አንባቢዎች ይታዘቡኛል፦ ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. ከ1868 ጦርነት የተመለሱ እንግሊዞች አምጥተውታል በሚል ታሪክ ነው፤ የዘር ምርመራ ግን መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታል። ሰው ይወዳል፤ ነገር ግን ፍቅሩን የሚገልጸው እየተከተለና ቁም ሣጥን ላይ እየዘለለ ስለሆነ ለእናትዎ ጭን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ፍርድ ልናገር፦ ለእርስዎ ቤት ዝርያን መነሻ ማድረግ ስሕተት ነው። ዝርያ የሚነግረን የብዙዎችን አማካይ ነው፤ ወደ ቤት የሚመጣው ግን አማካይ ሳይሆን አንዲት ድመት ናት። ዘሯ የማይታወቅ ሆኖ በሰው ቤት፣ በልጆች መካከል ያደገች ድመት፣ በብዙ ገንዘብ ተገዝታ ከሰው ርቃ በሽቦ ቤት ውስጥ ካደገች ራግዶል ትሻላለች። ከዚህም ሌላ ለመልካቸው ተብለው ከተዳቀሉት መካከል ከተፈጥሯቸው ሕመም ይዘው የሚወለዱ አሉ፤ ጆሮዋ ወደፊት የታጠፈው ስኮቲሽ ፎልድ ጆሮዋን ያጠፈው ያው ጉድለት መገጣጠሚያዎቿንም ያበላሽባታል፤ ፊቷ እጅግ የተደፈጠጠ ፐርሺያን ደግሞ መተንፈስ ይቸግራታል፣ ዓይኗም ያለማቋረጥ ያነባል። የሚያማት ድመት እንድትነካ አትፈልግም፤ ስለዚህ ውበቷ ራሱ ከፈለጉት ነገር ይለይዎታል።

የጎረቤትዎ ምክር ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። የብርቱካንማ ቀለም መለያ የሚገኘው ፆታን በሚወስነው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ፣ ከአምስት ብርቱካንማ ድመቶች አራቱ ያህል ወንዶች ናቸው፤ የመከኑ፣ ማለትም በሕክምና ዘር እንዳይተኩ የተደረጉ ወንዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገራሞች ስለሚሆኑ ሰው ምክንያቱን ለቀለሙ ሰጠው። ቀለም ብቻውን አመልን ይወስናል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የፆታውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት ከመከኑ በኋላ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፣ ያልመከነ ወንድ ግን ግድግዳውን በሽንቱ እየረጨ፣ ሌሊት እየዞረና እየተጣላ ቤቱን ያስጠላዎታል። ስለዚህ ፆታውን ተዉትና መምከኑን ይጠይቁ።

ዕድሜን በተመለከተ የምሰጠው ምክር ልጅዎን ሳያስከፋ አይቀርም፦ ግልገል አያምጡ። ሁለት ዓመት የሞላት ወይም ከዚያ ያለፈች ድመት ይፈልጉ። ግልገል ሁሉ ይጫወታል፣ ግልገል ሁሉ ሲደክመው ያገኘው ጭን ላይ ይተኛል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ምን ዓይነት ድመት እንደሚሆን ግን ያሳደገውም ሰው በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። አመሉ የሚረጋው ሁለት ዓመት ሲሞላውና ከዚያም በኋላ ነው። ያደገች ድመት ግን የሆነችውን ሆና ጨርሳለች፤ ጭን ትወዳለች ከተባለ ትወዳለች፣ ልጅ ትፈራለች ከተባለም ትፈራለች። በዚያ ላይ ግልገል ሌሊት መጋረጃ ላይ ይንጠለጠላል፣ የሚራመድን እግር እያሳደደ ይነክሳል፤ የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ ለልጅዎ ጭረት የሆነው ለእናትዎ ቁስል ይሆናል። ድመት በደህና ከተያዘች አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ የምትኖር በመሆኗ፣ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ድመት ብታመጡ ልጅዎ ጎልማሳ እስክትሆን ድረስ አብራት ልትቆይ ትችላለች።

ግልገል ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ከሆነ ግን ቢያንስ አሥራ ሁለት፣ ቢቻል አሥራ አራት ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ ጋር ትቆይ። ከስምንት ሳምንት በፊት የተለዩ ግልገሎች ሲያድጉ የመቧጨርና የመንከስ ዝንባሌያቸው ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ2017 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት አመልክቷል፤ ምክንያቱም ግልገል ጥፍሯን መሰብሰብን፣ ስትነክስም ማለዘብን የምትማረው ከእናቷና ከወንድሞቿ ነው። እናቲቱንም ሳያዩ አይውሰዱ፤ እናት ሰው ስታይ የምትሸሽ ከሆነች ግልገሎቿ ሽሽቱን ከእሷ ይማራሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ እሱም ድመቷን ለማየት በሄዱበት ቀን የሚያደርጉት ነው። አብዛኛው ሰው ከበሩ ሲገባ በቀጥታ ወደ ድመቷ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከራሷ በላይ ይዘረጋል። እርስዎ ይህን አያድርጉ። ገብተው ወለል ላይ ወይም ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከሚያስረክብዎት ሰው ጋር በዝግታ እያወሩ፣ ድመቷን አፍጥጠው ሳይመለከቷት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆዩ። የእርስዎ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ሰው ወዳድ ድመት በመጀመሪያ ከሩቅ ታጠናዎታለች፣ ከዚያ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ ጫፉን ትንሽ ቆልመም አድርጋ ትመጣለች። የቆመ ጅራት ድመቶች ወዳጃቸውን የሚሳለሙበት ምልክት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱት። ስትቀርብ አንድ ጣትዎን በአፍንጫዋ ቁመት ልክ ያቅርቡላት፤ አሽትታ ጉንጯን ከነጢሟ ካሻሸችበት፣ ተቀብላዎታለች ማለት ነው። ራቅ ብላ ተቀምጣ የምታይዎት ከሆነች ደግሞ ዓይንዎን ቀስ ብለው ከደን፣ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉላት። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የማያውቁት ሰው እንዲህ ዓይኑን በዝግታ ሲጨፍንላቸው ድመቶች ወደተዘረጋው እጅ ለመቅረብ የበለጠ ፈቃደኛ ሆነዋል። መልሳ ዓይኗን ከጨፈነችልዎት ጥሩ ጅምር ነው።

ከመጣች በኋላ ጉንጯን፣ አገጯን ወይም ከጆሮዋ ሥር ያለውን ቦታ ለሦስት ሰከንድ ያህል ያሻሹና እጅዎን ያንሡ። ፈተናው ያለው በማንሣቱ ላይ ነው። ራሷን ወደ እጅዎ ከገፋች ወይም በጭንቅላቷ ከጎነተለችዎት «ቀጥይ» ማለቷ ነው፤ ዝም ካለች ይበቃታል። ጥቂት ቆይተው ጀርባዋን እስከ ወገቧ ይዳብሱና ምን እንደምታደርግ ይመልከቱ። የጅራቷ ጫፍ መወራጨት ከጀመረ፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ከዞሩ፣ የጀርባዋ ቆዳ ሞገድ እንደመታው ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ራሷን ድንገት ወደ እጅዎ ካዞረች፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፍር ነው። ልጅ ላለበት ቤት የምትመረጠው ድመት መነካካት ሲበዛባት ተነሥታ የምትሄደዋ ናት፤ ተቀምጣ የምትናከሰዋን ይተዉ። ሆዷን ገልብጣ ስታሳይዎትም እጅዎን አይላኩ፤ ሆዷን ማሳየቷ የመተማመኗ ምልክት እንጂ የመዳሰስ ግብዣ አይደለም።

ከዚያም ጭንዎ ላይ ትንሽ ብርድ ልብስ ዘርግተው ከአጠገብዎ ያለውን ቦታ በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ጭን ላይ የምትወጣ ድመት ጥቂት ናት፤ አጠገብዎ መጥታ ከተጋደመች ይበቃል። በመጨረሻም በሁለት እጅዎ፣ አንዱን ከደረቷ ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ያንሧትና ወዲያው መልሰው ያስቀምጧት። ስትወርድ ከሮጠች የልጅ እጅ አትችልም፤ ስትወርድ እዚያው ቆማ እግርዎን ካሻሸች ግን ፍለጋዎ ሊያበቃ ነው። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ልጅዎን ይዘው እንደገና ይሂዱ። በልታ የጠገበች ድመት ሁሉ ጨዋ ናት፤ የተራበችም ሁሉ ሰው ትከተላለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ያታልላል።

እኔ ራሴ የተታለልኩበትን ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት ድመት ለመምረጥ ሄጄ፣ ሌሎቹ ሲሯሯጡና ሲጮኹ አንዷ ከማዕዘን ኩርምት ብላ፣ ስነካት እንኳ ሳትንቀሳቀስ አየሁና «ይህች ጭምት ናት» ብዬ ወሰድኋት። ጭምት አልነበረችም፤ በፍርሃት ደርቃ ነበር። ቤት ስትደርስ ማቀዝቀዣው ጀርባ ገባች፤ በእኔ እጅ መደባበስን የፈቀደችው በሁለተኛው ዓመት ነው። አልጸጸትባትም፤ ነገር ግን ልጅ ለሌለው፣ ምንም ለማይቸኩል ሰው እንጂ ለእርስዎ የምትሆን አልነበረችም። የተረጋጋች ድመት ሰውነቷ ልል ነው፣ ዓይኗ ከፈት ከደን ይላል፣ ጆሮዋ ድምፅ ወደሰማችበት ይዞራል። የደረቀችው ግን እግሮቿን ሰብስባ፣ የዓይኗ ጥቁር ክብ ሰፍቶ፣ ራሷን ወደ ትከሻዋ ቀብራ ትቀመጣለች። ታሳዝንዎት ይሆናል፤ በሐዘኔታ ግን አይምረጡ።

«ኩርርር» የሚለው የጉሮሮ ድምፅም ብቻውን አያሳምንዎት። ድመት ሲደላት ብቻ ሳይሆን ሲያማትና ስትፈራም ይህን ድምፅ ታሰማለች፤ ስለዚህ ድምፁን ከሰውነቷ ሁኔታ ጋር አዳምረው ያንብቡት።

የሚያስረክብዎትን ሰው ምን እንደሚጠይቁ በአጭሩ ልጠቁምዎት። «ገር ናት?» ብለው ቢጠይቁ «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ አያገኙም። ይልቅ «እንግዳ ሲመጣ የት ትሄዳለች? ሌሊት የት ትተኛለች? ጥፍሯን ስትቆርጧት ምን ታደርጋለች? ከልጅ ጋር ኖራ ታውቃለች? ለመጨረሻ ጊዜ የቧጨረችው መቼ፣ ምን ሲያደርጓት ነው?» ይበሉ። እነዚህን ሳይቸገር የሚመልስ ሰው ድመቷን ያውቃታል። ጤናዋን ደግሞ ዓይኗ ጥሩና የማያነባ፣ አፍንጫዋ የማይፈስ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥቁር እድፍ የሌለበት፣ ድዷ ሮዝ መልኩን ያልለቀቀ፣ መቀመጫዋ ንጹሕ መሆኑን በማየት ይጀምሩ፤ ነጭ ሆና ዓይኖቿ ሰማያዊ ከሆኑ ደግሞ ከጀርባዋ አጨብጭበው መስማቷን ያረጋግጡ፣ እንዲህ ያሉ ድመቶች ደንቆሮ ሆነው የሚወለዱበት ጊዜ ብዙ ነውና። ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ የእብድ ውሻ በሽታን ጨምሮ ክትባቶቿ መሟላታቸውን፣ የሆድ ትላትል መድኃኒት መውሰዷንና ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፈው የሉኪሚያ ቫይረስ እንደሌለባት ይጠይቁ።

ቤት ስትገባ ያ ሁሉ ፍቅሯ ጠፍቶ አልጋ ሥር ብትገባ አይደንግጡ፤ የመጀመሪያዋ ታሪክ ተደገመ ብለውም ተስፋ አይቁረጡ። ድመት የምትረጋጋው ሽታውን በምታውቀው ቦታ ስለሆነ አዲስ ቤት ለጊዜው ሌላ ፍጡር ያደርጋታል። ምግቧን፣ ውኃዋንና የመጸዳጃ አሸዋዋን ጸጥ ባለ አንድ ክፍል አድርገው፣ የምትሸሸግበት ካርቶን አስቀምጠው፣ ከቀድሞ ቤቷ የተኛችበትን ጨርቅ ይዘውላት ይምጡ። ድመት የሚያላምዱ ሰዎች ሦስት ቀን ለፍርሃቱ፣ ሦስት ሳምንት ለቤቱ ሥርዓት፣ ሦስት ወር ደግሞ ቤቴ ነው ለማለት ያስፈልጋታል ይላሉ፤ ልኩ ከድመት ድመት ቢለያይም እንደ መነሻ ይጠቅማል። በእነዚያ ሳምንታት መስኮቱ ዝግ ይሁን።

በስዊዘርላንድ ድመትና ሰው የሚኖራቸውን ግንኙነት ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ዴኒስ ተርነር ያገኙት አንድ ነገር ለቤትዎ እንደተነገረ ይቆጠራል፦ ድመቷ ራሷ የጀመረችው መቀራረብ ሰውየው ከጀመረው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘልቃል፤ ሰውየው የድመቷን ፍላጎት ባከበረ መጠንም ድመቷ በበኩሏ የእሱን ፍላጎት ትቀበላለች። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ድመቷ የልጅዎ ሳትሆን የእናትዎ ድመት የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ የሚቀመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጭናቸው የሞቀ፣ ድመት የማያሳድዱ ሰው ለድመት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ልጅዎ በዚህ እንዳትቀየም የራሷ ድርሻ ይኑራት፤ ምግቡን በሰዓቱ የምታቀርበው እሷ ትሁን፣ በረጅም ገመድ ጫፍ ላባ ታስሮላት በቀን ሁለት ጊዜ የምታጫውታትም እሷ ትሁን። በባዶ እጅ ማጫወት ግን አይፈቀድላት፤ እጅን አድና የለመደች ድመት እጅና መጫወቻን አትለይም። ወለል ላይ ቁጭ ብላ ድመቷ እስክትመጣ መጠበቅን፣ ሦስት እስክትቆጥር አሻሽታ እጇን ማንሣትን፣ ካርቶኑ ውስጥ የገባችን ድመት ፈጽሞ አለመንካትን ያስተምሯት። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ትችለዋለች፤ በአራት ዓመቷ ያልቻለችው የልጅነት ነገር ሆኖባት ነው።

ሁለት ድመቶች ማምጣትን ያሰቡ እንደሆነ፣ አብረው ያደጉ እኅትማማቾች ካልሆኑ በስተቀር አይቸኩሉ። የማይተዋወቁ ሁለት ትልልቅ ድመቶችን ማላመድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የስሙ ጉዳይ ቀረ። ድመቶች ስማቸውን ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓን የተደረገ ጥናት፣ የቤት ድመቶች ስማቸውን አነጋገሩ ከሚመሳሰሉ ሌሎች ቃላት ለይተው እንደሚሰሙ፣ የሚጠራቸው የማያውቁት ሰው ሲሆን እንኳ እንደሚለዩት አሳይቷል። ይሁን እንጂ ስም ለድመት የምግብ፣ የመዳበስና የጨዋታ መምጫ ድምፅ በመሆኑ ሊለወጥ ይችላል። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ልጅዎ ያወጣችውን ስም አስቀድማችሁ የድሮውን አስከትሉ፤ ከዚያ የድሮውን እየቀነሳችሁ፣ ምግብ ሲቀርብ አዲሱን ስም ብቻ ጥሩ። ሲቆጧት ግን በሁለቱም ስም አይጥሯት። ልጅዎ ያወጣችው ስም ረጅም ከሆነ ደግሞ ከሁለት ቀለም የማይበልጥ ማቆላመጫ እንድትፈልግለት ይንገሯት፤ ስሙን ከቤቱ ሰው ሁሉ አብዝተው የሚጠሩት እናትዎ ስለሚሆኑ፣ ለእሳቸው አፍ የሚቀል ይሁን።